ዘርና ከብት በአንድ አጥር ውስጥ

በአማርኛ ቋንቋ «ዘር» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው በመሬት ላይ ተዘርቶ የሚበቅለው የእህል ፍሬ ነው፤ ሁለተኛውም ከአያትና ከቅድመ አያት የሚወርደው የሰው ትውልድ ነው። «ዘር ከልጓም ይስባል» የተባለው ምሳሌ የተነገረው ስለ ሁለተኛው ነው። ልጓም በበቅሎ አፍ ገብቶ ወደ ተፈለገበት እንደሚስብ፤ የሥጋ ዝምድናም ሰውን ከዚያ ይበልጥ አጥብቆ ይስበዋል ማለት ነው። ገበሬ የሆነ ሰው ግን ይህን ምሳሌ በሰማ ጊዜ ሁለቱንም ትርጓሜ በአንድነት ሊያስተውል ይችላል። ዘር የሌለው ገበሬ በሬና አህያ ቢኖሩት ምን ይጠቅሙታል? ከብት የሌለውስ ገበሬ ዘሩን በምን አርሶ፤ ምርቱንስ በምን ጭኖ ወደ ቤቱ ያገባዋል?

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ይህንኑ ጉዳይ ነው። ይኸውም የአገሩን ዘር በጥንቃቄ እየመረጠ የሚያቈይ፤ ደግሞም ባለቤት ያጡትን፤ የቈሰሉትንና የተጣሉትን እንስሳት የሚያስጠጋ እርሻ እንዴት ሊካሄድ እንደሚችል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የማሽላና የአህያ አገር

በምሥራቅ ሱዳን፤ በገዳሪፍ ግዛት፤ ኡም ጋርጉር የሚባል ሰፈር አለ። ከ1970ዎቹ ዓመቶች ጀምሮ ጦርነት ከአገራቸው ያፈናቀላቸው የኤርትራ ሰዎች ሰፍረውበታል። የገዳሪፍ መሬት በአብዛኛው ዋልካ ነው። ዋልካ ማለት በክረምት የሚያጣብቅ፤ በበጋ ደግሞ የሚሰነጣጠቅ ጥቍር አፈር ነው፤ በሸዋ መረሬ ይሉታል። ዝናሙ ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ የቀረው ወራት ፀሓይ ነው። የሚዘራውም በብዛት ማሽላና ሰሊጥ ነው፤ ከወሰኑ በዚህ በኩል ባሉት በመተማና በሑመራ ቈላዎች እንደሚዘራው ማለት ነው።

በገዳሪፍ አጠገብ በእንግሊዞች አስተዳደር ዘመን፤ በ1944 ገደማ፤ በትራክተር የሚታረስ ሰፊ የማሽላ እርሻ ተጀመረ። ዓላማው በዚያን ጊዜ ለነበረው ጦር ሠራዊት ስንቅ ማቅረብ ነበር። ከዚያ ወዲህ የትራክተሩ እርሻ እየሰፋ ሄዶ አገሩ የሱዳን ጐተራ ለመባል በቃ። ይሁን እንጂ ማሽላ በዚያ አገር እንግዳ ሆኖ በትራክተር አልገባም። ከገዳሪፍ በስተሰሜን በከሰላ አጠገብ የጥንት ሰዎች ከኖሩበት ስፍራ የተገኙ የሸክላ ስብርባሪዎች በሊቃውንት ተመርምረው ነበር። ሸክላው ሲሠራ በጭቃው ውስጥ የገባው የማሽላ ገለባ ምልክቱን ትቶ ስለ ተገኘ፤ በዚያ አካባቢ ሰው ማሽላን ከ5 ሺሕ ዓመት በፊት መዝራት ጀምሮ እንደ ነበር በ1917 ሳይሆን ገና በቅርቡ፤ በ2017፤ ታትሞ ወጣ። እስካሁን በዓለም ላይ ከተገኙት የለማዳ ማሽላ ምልክቶች ሁሉ ይህ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው።

ስለ አህያም የሚባለው ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። በ2022 የታተመ አንድ ጥናት የብዙ አገር አህዮችን የዘር ሐረግ መርምሮ፤ አህያ ለሰው የለመደው ከዛሬ 7 ሺሕ ዓመት ገደማ በፊት በምሥራቅ አፍሪካ እንደ ሆነ ይገምታል። ስለዚህ በኡም ጋርጉር መንገድ ላይ ማሽላ የተጫነ አህያ የሚያይ መንገደኛ፤ ሁለቱም ከጥንት አገራቸው ገና እንዳልወጡ ቢያስብ አይሳሳትም።

አንዱ ያለ ሌላው አይሆንም

ዘርና ከብት ሲለያዩ ምን እንደሚደርስ የኢትዮጵያ ታሪክ በክፉ አኳኋን አስተምሮናል። በ1887 ከውጭ አገር በምጽዋ ወደብ ከገቡ ከብቶች ጋር «ደስታ» የተባለው የከብት በሽታ ገባ። ስሙ ከግብሩ ጋር ፈጽሞ የማይስማማ ነው። በሽታው በጥቂት ጊዜ ውስጥ አገሩን ሁሉ አዳርሶ የቀንድ ከብቱን አብዛኛውን ጨረሰ። በሬ ስለ ጠፋ መሬት ጾሙን አደረ፤ ዘር በጐተራ የነበረው ሰው እንኳ የሚያርስበት አጣ፤ ኋላም ዘሩን ራሱን በላው። ከ1888 እስከ 1892 የነበረውን ይህን ዘመን ሕዝቡ «ክፉ ቀን» ብሎ ጠራው። ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቈፈር ለሕዝቡ ምሳሌ እንደ ሆኑ በታሪክ ተጽፎአል። የደስታ በሽታ ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ የተነገረው በ2011 ነው፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት ከምድር የጠፋ ሁለተኛው በሽታ እርሱ ነው።

ከክፉ ቀን የምንማረው ይህ ነው፤ ዘርን ብቻ ማዳን፤ ወይም ከብትን ብቻ ማዳን፤ የገበሬውን ቤት አያድንም። ሁለቱንም በአንድ አጥር ውስጥ የሚጠብቅ ቤተ ሰብ ግን ከክፉ ጊዜ በኋላ እንደገና ለመቆም ይችላል።

የዘር ጠባቂዎች

ሩሲያዊው የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 በኢትዮጵያ ተዘዋውሮ የስንዴ፤ የገብስና የሌላውም እህል ዘር ሰበሰበ። በየሸለቆውና በየደጋው የሚገኘው የዘር ዓይነት ብዛት ስላስደነቀው፤ አገራችንን በዓለም ላይ የእህል ዘር ምንጭ ከሆኑት ስፍራዎች እንደ አንዱ አድርጎ ቈጠራት። በኋላ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሌኒንግራድ በተከበበች ጊዜ፤ እርሱ ያቋቋመው ቤት ሠራተኞች ቶን የሚመዘን እህልና ሩዝ በእጃቸው እያለ፤ ዘሩን አንነካም ብለው ከነርሱ አያሌዎቹ በረኀብ ሞቱ። ቫቪሎቭም በ1943 በሳራቶቭ እስር ቤት ዐረፈ።

በኢትዮጵያም በ1976 በጀርመን መንግሥት ርዳታ የዕፀዋት የዘር ሀብት ማእከል በአዲስ አበባ ተቋቋመ። ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሚባለው መሥሪያ ቤት መሠረቱ ይህ ነው። ማእከሉን ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ አንድ ትልቅ ነገር አስተዋሉ። ዘር በቀዝቃዛ ቤት ውስጥ ተቈልፎ ቢቀመጥ ከመጥፋት ይድናል፤ ነገር ግን ዓመት በዓመት ከሚለዋወጠው ዝናም፤ ከተባይና ከድርቅ ጋር እየታገለ ለመለመድ አይችልም። ስለዚህ ዘር በገበሬው ማሳ ላይ እየተዘራና እየተመረጠ እንዲቈይ፤ ገበሬውም የሳይንቲስቱ ባልንጀራ እንዲሆን አደረጉ። በ1984 እና በ1985 በደረሰው ድርቅና ረኀብ ብዙ ቤተ ሰብ የዘሩን እህል በልቶ ስለ ነበረ፤ ይህ ሥራ በወሎና በሰሜን ሸዋ ልዩ ጥቅም ነበረው። ዶክተር መላኩ በ1989 በስዊድን አገር የሚሰጠውን «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ።

በሱዳን በኩልም ከኢትዮጵያውያን አንዱ ታላቅ ሥራ ሠርተዋል። በሸዋ በወለንኮሚ የተወለዱት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በሱዳን አገር ሲሠሩ፤ ድርቅን የሚችል «ሀጂን ዱራ 1» የተባለ ዲቃላ ማሽላ በ1983 ለገበሬዎች እንዲታደል አደረጉ። ከዚያም በአሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አገኙ፤ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተሸለሙ። አቀንጭራ ማለት ሥሩን በማሽላው ሥር ላይ ተክሎ ምግቡን የሚመጥ መጥፎ አረም ነው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ዲቃላ ዘር በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ያፈራል፤ ነገር ግን ከፍሬው ዘር ተይዞ በሚመጣው ዓመት ቢዘራ የወላጆቹን ጠባይ አንድ አድርጎ አይወርስም። ስለዚህ ገበሬው በየዓመቱ ከነጋዴ መግዛት አለበት። ገንዘብና ጥሩ መንገድ ያለው ሰው ይህን ሊያደርግ ይችላል። በጦርነት ምክንያት መንገዱ የተዘጋበት፤ ገበያውም የፈረሰበት ሰው ግን ከራሱ ጐተራ በቀር ተስፋ የለውም። የዲቃላው ዘር ወላጆችም ቢሆኑ የተገኙት አስቀድሞ ገበሬዎች ጠብቀው ካቈዩት ዘር መካከል መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

ትልቁ ቤት እንኳ ከአደጋ እንደማያመልጥ በቅርብ ጊዜ ታይቶአል። በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላ፤ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር ውጊያው ወደ ዋድ መዳኒ ከተማ ደረሰ። በዚያ የነበረው የሱዳን የዘር ማከማቻ ተዘረፈ። የሱዳን ሊቃውንት በሌላ ስፍራ ካስቀመጡት ቅጂ መካከል ማሽላና ሌላውንም ዘር አሽገው በየካቲት 2025 ኖርዌይ ወደሚገኘው ወደ ስቫልባርድ ላኩ። ይህ በ2008 የተከፈተው ማከማቻ በበረዶ ተራራ ውስጥ የተፈለፈለ ሲሆን፤ ዘሩ የሚቀመጠው ከዜሮ በታች በ18 ዲግሪ ብርድ ነው። እንግዲህ ብልኅነት ማለት ዘርን በአንድ ቤት ብቻ አለማስቀመጥ ነው።

የዘሩ ሥራ እንዴት ይካሄዳል?

አሁን ወደ ቤተ ሰቡ እንመለስ። ለምሳሌ ያህል በኡም ጋርጉር 10 ፈዳን መሬት ያለው፤ ስድስት ነፍስ የሚያስተዳድር አንድ ቤተ ሰብ አለ እንበል። አንድ ፈዳን ከግማሽ ሄክታር ጥቂት ያንሳል።

የመጀመሪያው ሥራ ምርጫ ነው። ዘር የሚመረጠው ከአውድማ ሳይሆን ከማሳ ነው። በአውድማ ላይ ፍሬው ሁሉ ተደባልቆ ስለሚገኝ፤ የትኛው በጤና ካደገው፤ የትኛው ከበሽተኛው አገዳ እንደ መጣ አይለይም። ስለዚህ እህሉ ሳይታጨድ ከማሳው መካከል እየተዘዋወሩ፤ ቀድሞ የደረሰውን፤ ወፍ ያልበላውን፤ አቀንጭራ በከበበው ስፍራ ላይ እንኳ ጸንቶ የቆመውን እየመረጡ በክር ምልክት ማሰር ይገባል። ከዳር ያለው ግን ከጐረቤት ማሽላ ጋር ሊዳቀል ስለሚችል አይመረጥም። ማሽላ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ብናኝ የሚያፈራ ቢሆንም፤ ነፋስ ከሌላው ጥቂት ያመጣበታል። የሚመረጠውም ራስ ከ100 ማነስ የለበትም፤ ከጥቂት ራስ ብቻ የሚያዝ ዘር ጠባዩ እየጠበበ ይሄዳልና።

ይህን ሥራ በብዙ ስፍራ የሚሠሩት ሴቶች ናቸው። የቤት እመቤት የትኛው ማሽላ ለእንጀራ፤ የትኛው ለጠላ፤ የትኛው ለቈሎ፤ የትኛውም በእሸቱ ለመብላት እንደሚሻል ታውቃለችና። በወሎ ለማሽላ ዓይነቶች የወጡት ስሞች ይህን ያስረዳሉ፤ አንዱ «ወተት በጕንጬ»፤ ሌላው «ማር ጩቄ» ይባላል። የስሙ አወጣጥ የቀማሹን ደስታ ያሳያል። ከነዚሁ መካከል የአንዳንዶቹ ፍሬ ለሰውነት በጣም የሚያስፈልገው ላይሲን የተባለው ንጥረ ነገር በብዛት እንደሚገኝበት በ1973 በሳይንስ ምርመራ ታወቀ። እመቤቶቹ በምላሳቸው አስቀድመው መርጠውት ነበር።

ሁለተኛው ሥራ ማድረቅና ማስቀመጥ ነው። ለምግብ የሚሆነው እህል በጕድጓድ ሊቀመጥ ይችላል። በሐረርጌ ጕድጓድ፤ በሱዳን ደግሞ መጥሙራ የሚሉት ይኸው ነው። ነገር ግን በጕድጓድ ውስጥ እርጥበትና ሙቀት ስላለ፤ ፍሬው ለመብል ቢሆን እንኳ የመብቀል ኀይሉን ያጣል። ስለዚህ ለዘር የሚሆነው ከነራሱ ታስሮ ከምድጃው በላይ ይሰቀላል፤ ጢሱ ነቀዝን ያርቅለታል። የተፈለፈለም እንደ ሆነ ከተነፋ ዐመድ ጋር ተደባልቆ በደረቅ ቅል ወይም በማሰሮ ይከደናል። ዘሩ በደንብ መድረቁን ለማወቅ ጥቂቱን ከደረቅ ጨው ጋር በብርጭቆ ጠርሙስ አድርጎ መነቅነቅና ጥቂት ጊዜ ማቈየት ነው፤ ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ ዘሩ ገና እርጥብ ነው ማለት ነው። የዘር ሊቃውንት እንደሚሉት፤ የዘሩ እርጥበት ከመቶ በአንድ በቀነሰ ቍጥር፤ ወይም የሚቀመጥበት ስፍራ ሙቀት በ5 ዲግሪ በቀነሰ ቍጥር፤ የዘሩ ዕድሜ በእጥፍ ይጨምራል።

ሦስተኛው ሥራ ፈተና ነው። ከመዝራት በፊት 100 ፍሬ ቈጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ለአንድ ሳምንት ማቈየት ነው። ከመቶው 85 ከበቀለ ዘሩ መልካም ነው፤ 60 ብቻ ከበቀለ ግን አብዝቶ መዝራት ወይም ሌላ ዘር መፈለግ ያስፈልጋል።

ባለቤት ያጡ እንስሳት

በሰፈርና በገበያ ዳር የተጣለ እንስሳ ማየት የተለመደ ነው። አህያው ጀርባው ሲመለጥና መሸከም ሲያቅተው፤ ባለቤቱ ከቤቱ ያባርረዋል፤ ሌሊትም ጅብ ያገኘዋል። «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» የተባለው ምሳሌ ስለ ደካማ ረዳት የተነገረ ቢሆንም፤ ስለ አህያው ራሱም እውነት ነው። ራሱ ካልዳነ ማን ያድነዋል? ይሁን እንጂ ስለዚህ ትዕግሥተኛ እንስሳ የሚቈረቈር ሰው ከቀድሞ ይልቅ በዝቶአል። በቢሾፍቱ ለውጭ ገበያ አህያ የሚታረድበት ቤት ተከፍቶ በነበረ ጊዜ ሕዝቡ ስለ ተቃወመ በ2017 ተዘጋ። በየካቲት 2024 ደግሞ የአፍሪካ መንግሥታት መሪዎች በአዲስ አበባ ባደረጉት ጉባኤ አህያ ለቆዳው ሲባል እንዳይታረድ ከለከሉ።

እንስሳትን የሚያስጠጋ ቤተ ሰብ ግን በርኅራኄ ብቻ ሳይሆን በሂሳብ መሄድ አለበት። አንድ መካከለኛ አህያ በቀን 2 ኪሎ ተኩል ያህል ደረቅ አገዳና ሣር ይበላል፤ በዓመት 9 ኩንታል ያህል መሆኑ ነው። ስለዚህ «ስንት እንስሳ ላስጠጋ?» የሚለው ጥያቄ መልሱ በልብ ውስጥ ሳይሆን በአገዳው ክምር ላይ ይገኛል። ከክምሩ በላይ የሚያስጠጋ ሰው የቀድሞዎቹንም የኋለኞቹንም በረኀብ ይቀጣል።

ሁለተኛው ነገር ባለቤትነት ነው። ተጥሎ የተገኘ እንስሳ ሁሉ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። ስለዚህ አስቀድሞ ለሽማግሌዎችና ለሰፈሩ አስተዳደር ማስታወቅ፤ በጆሮውና በጀርባው ያለውንም ምልክት ማሳየት ይገባል። ይህ ካልተደረገ በጎ ሥራው የስርቆት ክስ ሊያመጣ ይችላል።

ሦስተኛው ጤንነት ነው። አዲስ የመጣ እንስሳ ከሌሎቹ ተለይቶ ሦስት ሳምንት ያህል መቈየት አለበት። የጀርባ ቍስል ፈልቶ በቀዘቀዘ የጨው ውሃ ይታጠባል፤ እስኪድንም ምንም አይጫንበትም። ከዳነም በኋላ ጭነቱ ከክብደቱ ሢሶ እንዳይበልጥ፤ ከጭነቱም በታች ወፍራም ግላስ እንዲደረግ ያስፈልጋል። ውሻ የሚያስጠጋ ሰው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሳያስከትብ ወደ ልጆች ማቅረብ የለበትም። ውሻ የነከሰው ሰውም ቍስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ፤ ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ይገባዋል።

የዱር አራዊት ጉዳይ ግን ከዚህ የተለየ ነው። የድኵላ ግልገል ወይም የአቦ ሸማኔ ግልገል ያገኘ ገበሬ በቤቱ ላሳድገው ማለት የለበትም፤ ለዱር አራዊት ጠባቂዎች ማስረከብ ነው። በኢትዮጵያ በሆለታ አጠገብ «እንስሳ ኮቴ» የተባለ፤ ከሕገ ወጥ ነጋዴዎችና ከጠባብ ጋጣ የዳኑ አንበሶችና አቦ ሸማኔዎች የሚጠበቁበት ስፍራ አለ። በ2020 መጀመሪያ በካርቱም አንድ መናፈሻ ውስጥ ምግብ አጥተው አጥንታቸው የቀረ አንበሶች ሥዕል በዓለም ሁሉ ታይቶ ብዙ ሰው አሳዝኖአል። አውሬን መያዝ ቀላል ነው፤ መመገብ ግን ዘወትር የሚከፈል ዕዳ መሆኑን ያ ሥዕል አስረድቶአል።

ሁለቱ በሚጋጩበት ጊዜ

ዘርና እንስሳ በአንድ አጥር ሲኖሩ መጠቃቀማቸው ግልጥ ነው። እንስሳው አገዳውን ይበላል፤ ማሳው ፍጉን ይቀበላል። ነገር ግን ሦስት አደጋዎች አሉ።

አንደኛው፤ ለዘር የተመረጠው ማሽላ አህያ አንድ ሌሊት ቢገባበት የዓመቱ ድካም ይጠፋል። ስለዚህ የዘሩ መደብ በውስጠኛ የእሾህ አጥር ይከበባል። ሁለተኛው፤ ቡቃያ ማሽላ፤ ይልቁንም በድርቅ ጠውልጎ እንደገና የለመለመ ቡቃያ፤ ሲያናይድ የሚባል መርዝ ስለሚያበጅ ከብት ሊገድል ይችላል። ደኅና አድርጎ የደረቀ አገዳ ግን ለቀንድ ከብት መልካም መኖ ነው። ለአህያና ለፈረስ ለምለም ማሽላ ጨርሶ አለመስጠት ይሻላል። ሦስተኛው፤ ብዙ ሰው የማያውቀው፤ የአቀንጭራ ነገር ነው። የአቀንጭራ ፍሬ እንደ ትቢያ የደቀቀ ሆኖ ከ10 ዓመት በላይ በአፈር ውስጥ ሊቈይ ይችላል፤ በከብት ሆድ አልፎም ሳይሞት ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ትኩስ ፍግ በዘር መደብ ላይ መበተን ጠላትን በገዛ እጅ መዝራት ነው። ፍጉ በአንድ ስፍራ ተከምሮ፤ ውሃ እየተርከፈከፈበትና እየተገላበጠ፤ በራሱ ሙቀት ለጥቂት ወራት መብሰል አለበት።

የግንቦት ፈተና

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ቀላል ነው፤ ጭንቁ የሚመጣው በግንቦት መጨረሻ ነው። በዚያን ጊዜ የጐተራው እህል አልቆአል፤ ዝናሙም ገና ነው። ዘሩ ግን ከምድጃው በላይ ተሰቅሎ ይታያል፤ በታቹ ልጆች ይርባቸዋል። በምሳሌ ባነሣነው ቤት ልጅየው እናቱን እንዲህ ይላቸዋል እንበል።

«እማ፤ ልጆቹ ከሚራቡ ይህን አውርደን እናስፈጨው። ዘር ከገበያ እንገዛለን።»

«ልጄ፤ በገበያ የሚሸጠው እህል ነው እንጂ ዘር አይደለም። ከየት እንደ መጣ፤ መቼ እንደሚደርስ ማን ያውቀዋል?»

«አህያውንስ ብንሸጠው?»

«አህያውን ሸጠን ውሃ በማን እናስመጣለን? ምርቱንስ?»

የእናቲቱ ነገር በሂሳብ ሲመረመር እውነት ሆኖ ይገኛል። ለአንድ ፈዳን 4 ኪሎ ዘር ቢያስፈልግ ለ10 ፈዳን 40 ኪሎ ይሆናል። ስድስት ሰዎች በቀን በነፍስ ወከፍ ግማሽ ኪሎ ቢበሉት በ13 ቀን ያልቃል። ይኸው 40 ኪሎ ተዘርቶ ከአንድ ፈዳን ሁለት ኩንታል ብቻ ቢገኝ ግን 20 ኩንታል ይሆናል፤ ይህም ለዚያው ቤተ ሰብ ከአንድ ዓመት ከ9 ወር በላይ ይበቃል። ነገር ግን ሂሳብ የተራበ ሕፃን አያስተኛም። ዘሩን የበላ ቤተ ሰብ ሰነፍ ተብሎ ሊወቀስ አይገባውም፤ ብቻውን የቀረ ቤተ ሰብ ነውና።

መፍትሔው ዘሩን በአንድ ቤት ምድጃ ላይ ብቻ አለመተው ነው። በኢትዮጵያ በአንዳንድ ወረዳዎች ገበሬዎች የጋራ የዘር ቤት ሠርተዋል። እያንዳንዱ ከመከር በኋላ የመረጠውን ዘር ያስገባል፤ ያጣው በሰኔ ይበደራል፤ ከመከር በኋላም ከጥቂት ጭማሪ ጋር ይመልሳል። ዘሩ ከቤት ውጭ ስለ ሆነ በግንቦት ለፈተና አይዳርግም፤ አንዱ ማሳ ቢከስም የሌላው ስለሚተርፍ ዓይነቱ አይጠፋም። እንዲሁም የአህያና የበሬ ነገር በጋራ ሊደረግ ይችላል። ባለቤት ያጣው አህያ ከዳነ በኋላ አህያ ለሌላት መበለት ውሃ ማመላለሻ ቢሰጥ፤ እርሱም መጠጊያ አገኘ፤ እርስዋም ረዳት አገኘች። ኖኅ በመርከቡ ያስገባው እንስሳትን ብቻ አልነበረም፤ ከሚበላውም መብል ሁሉ እንዲያከማች ታዝዞ ነበር። ሁለቱን በአንድነት መጠበቅ የጥንት ሕግ ነው።

በአስተዳደር ሥራ ላይ ያለ አንባቢ ወደ ገጠር ወይም ወደ ስደተኞች ሰፈር በሄደ ጊዜ፤ «ስንት ኩንታል አመረታችሁ?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት ሦስት ጥያቄ ቢያቀርብ ብዙ ይማራል። ዘራችሁ የት ተቀምጦአል? የምታርሱበትና የምትጭኑበት ከብት ጤናው እንዴት ነው? በግንቦት ምን ትበላላችሁ? ለሦስቱም መልካም መልስ የሚሰጥ ቤት በርግጥ የቆመ ቤት ነው። ሦስተኛውን ጥያቄ በዝምታ የሚያልፍ ቤት ቢኖር ግን ርዳታው በሰኔ ሳይሆን በግንቦት እንዲደርሰው ያስፈልጋል፤ በሰኔ የደረሰ እህል ዘሩን ከመበላት አያድነውምና።